አጭርና ቀጭን አሽከርካሪ፣ ረጅምና ከባድ ሞተር ሳይክል፦ ሁለቱን እንዴት ማስማማት ይቻላል?

በኦክላንድና በሳን ሆዜ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት 65 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው 880 ቁጥር አውራ ጎዳና በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ሲጨናነቅ፣ ባለመኪናው መሪ ጨብጦ ሲንፏቀቅ ማየት የዘወትር ትዕይንት ነው። የካሊፎርኒያ ሕግ ለሞተር ሳይክል ነጂ ግን ሁለት በር ከፍቶለታል። አንደኛው፣ ብቻውን ቢሆንም እንኳ ብዙ ሰው ለጫኑ ተሽከርካሪዎች በተለየው መስመር መሄድ መቻሉ ነው። ሁለተኛው፣ እ.ኤ.አ. ከ2017 መጀመሪያ አንሥቶ በጸና ሕግ መሠረት በመኪኖች ረድፍ መካከል ሾልኮ ማለፍ የተፈቀደለት መሆኑ ነው። የቤት ኪራይ በሰማይ በሆነበት በዚህ አካባቢ፣ ርቆ ኖሮ በጊዜ ሥራ መግባት ለሚፈልግ ሰው ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ጥቅሙ ግን ዋጋ አለው። በመኪኖች መካከል የሚሾልክ ሞተር ዝግ ይላል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይነሣል። ሞተር ሳይክል ፍጥነት ሲኖረው ሚዛኑን በአብዛኛው ራሱ ይጠብቃል፤ ሲቆም ግን ምሰሶው የነጂው እግር ብቻ ነው። እግሩ መሬት በቅጡ የማይደርስ ሰው ደግሞ በግራም በቀኝም መኪና ባለበት ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ በጣቱ ጫፍ ቆሞ መጠበቅ ግድ ይሆንበታል። ሞተሩ በእጅ የሚያመልጠው እዚያ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚያመልጠው በፍጥነት ሳይሆን በቆመበት ነው።

ለዚህ ጽሑፍ ያህል አንዲት አሽከርካሪ በአእምሯችን እንሣል። ቁመቷ 155 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 50 ኪሎ ነው። ከብሽሽቷ እስከ ወለል 70 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የገዛችው ያገለገለ ሞተር 200 ኪሎ ይመዝናል፤ መቀመጫው ከመሬት 80 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሏል። በሐበሻ ቁመት ሲታይ ይህቺ ሴት እምብዛም ልዩ አይደለችም። ለሞተር አምራቾች ግን ልዩ ናት። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ የአንድ ነጂ ክብደት 75 ኪሎ ተደርጎ ይታሰባል፤ የፋብሪካ ሞላዎችም ብዙውን ጊዜ የሚመረጡት እንዲህ ያለውን ወይም ከዚያ የሚከብድ ሰው በማሰብ ነው። ስለዚህ አሽከርካሪያችን ሁለት የተለያዩ ችግሮች አሉባት፤ አንዱ የቁመት፣ ሌላው የክብደት ነው። ሰው ሁሉ የሚያየው የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛው አይታይም፤ በእኔ ግምት ግን የሚያደክመውም፣ በክፉ መንገድ ላይ ለአደጋ የሚያጋልጠውም እርሱ ነው።

እግር መሬት ሳይደርስ

ሞተር ሲያዘነብል የሚጫነው ሸክም የሚወሰነው በሁለት ነገር ነው፤ በክብደቱና ከቀጥታ መስመር በራቀበት ማዕዘን። የክብደት ማዕከሉ ከመሬት 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ባለ 200 ኪሎ ሞተር 5 ዲግሪ ቢያዘነብል፣ 1 ሜትር ከፍታ ላይ ባለው መሪ ይዞ ለሚደግፈው ሰው 9 ኪሎ ያህል ይከብደዋል። 10 ዲግሪ ሲደርስ 17 ኪሎ፣ 20 ዲግሪ ሲደርስ 34 ኪሎ ይሆናል። ረጅም እግር ያለው ሰው ሞተሩን ገና በመጀመሪያዎቹ ዲግሪዎች ላይ ስለሚይዘው ጉልበቱ አይፈተንም። አጭሩ ግን እግሩ መሬት የሚነካው ሞተሩ ካዘነበለ በኋላ ነው፤ ሸክሙን የሚቀበለው በርትቶ ሳለ ነው ማለት ነው። የጉልበት ማነስ ተደርጎ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ የጂኦሜትሪ ጉዳይ ነው።

የባሕረ ሰላጤው አካባቢ መልክዓ ምድር ደግሞ ለዚህ ምሕረት የለውም። በሳን ፍራንሲስኮ የፊልበርት ጎዳና አንዱ ክፍል 31.5 በመቶ ተዳፋት ነው፤ ወደ ዲግሪ ሲቀየር 17.5 ያህል ይሆናል። እዚህ ላይ ሞተሯን አግድም አዙራ የምትቆም ሴት እግሯን ከጎማው 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቃ ብታሳርፍ፣ በቁልቁለቱ በኩል መሬቱ 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይጠብቃታል። መቀመጫዋን በብዙ ገንዘብ በ3 ሴንቲ ሜትር አስቀንሳ ብትመጣም ተዳፋቱ አራት እጥፉን ይወስድባታል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ቦታ የሚያድናት ብልሃት እንጂ ብረት አይደለም፤ ከመቆሟ በፊት የትኛው ጎን ከፍ እንደሚል አይታ በዚያው ጎን እግሯን ታወርዳለች። ፊቷን ወደ ዳገቱ አድርጋ ስትቆም ደግሞ ቀኝ እግሯ የኋላውን ፍሬን ይይዛል፤ መሬት የሚነካው ግራው ብቻ ይሆናል። ሜዳ በሚመስለው የኦክላንድ ጎዳና ላይ እንኳ የዝናብ ውኃ እንዲፈስ አስፋልቱ ወደ ዳር ዘቅዘቅ ተደርጎ ይሠራልና ይህ ልማድ የትም ይጠቅማል።

ሁለቱም እግር ከነተረከዙ መሬት መንካት አለበት የሚለው አስተሳሰብ ብዙ ሰው ያስፈራል፤ ትክክል ግን አይደለም። በመቀመጫው ላይ ጥቂት ወደ ጎን ተንሸራትቶ አንዱን እግር ሙሉ በሙሉ ማሳረፍ ይበቃል። የዚህ ምስክር ከሳን ሆዜ ብዙም ሳይርቅ ታይቷል። ስፔናዊው ዳኒ ፔድሮሳ ቁመቱ 160 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ክብደቱ 50 ኪሎ አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በሞንተሬይ አጠገብ በሚገኘው የላጉና ሴካ ሜዳ የአሜሪካን ታላቅ ሽልማት ያሸነፈው እርሱ ነበር። በዋናው የዓለም ሻምፒዮና ክፍል በድምሩ 31 ጊዜ አሸንፏል። በእርግጥ ፔድሮሳ ሲቆም ሞተሩን የሚይዙለት ሜካኒኮች አሉት፤ በ880 ላይ ግን ማንም አይይዝልንም።

ከመቀመጫው መጀመር

ብረት ከመንካት በፊት ሊሞከሩ የሚገባቸው ርካሽ ነገሮች አሉ። ወፍራም ሶል ያለውና ተረከዙ የማይንሸራተት ቦት ጫማ ብቻውን ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ይሰጣል። ቀጥሎ የሚመጣው መቀመጫው ነው። እዚህ ላይ ብዙ ገዢ የሚሳሳተው ከፍታውን ብቻ በመመልከቱ ነው። እግር ወደ መሬት የሚወርደው ቀጥ ብሎ ሳይሆን የመቀመጫውን ወርድ ዞሮ ነው፤ ስለዚህ 80 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ቀጭን መቀመጫ፣ 77 ሴንቲ ሜትር ከሆነው ሰፊ መቀመጫ ይልቅ ለአጭር ሰው ሊቀርብ ይችላል። የጀርመኑ ቢኤምደብልዩ ከመቀመጫው ከፍታ ጎን ለጎን፣ ከአንዱ እግር መርገጫ ተነሥቶ በመቀመጫው ላይ አልፎ ወደ ሌላው እግር የሚወርደውን የኩርባ ርዝመት የሚያወጣው ይህን አስቦ ነው። ሌሎችም ቢከተሉት መልካም ነበር።

በመሆኑም የመቀመጫ ሠሪ ዘንድ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ስፖንጁ ከላይ እንዲቀነስ ሳይሆን፣ የፊተኛው ክፍል በጭን በኩል ከግራና ከቀኝ እንዲጠብ ነው። ከላይ የሚቀነሰው ስፖንጅ ሁለት መዘዝ አለው። አንደኛ፣ ጉልበት ይበልጥ ስለሚታጠፍ ረጅም መንገድ ያማል። ሁለተኛ፣ ስፖንጁ ሲሳሳ ነጂው በታችኛው ጠንካራ ሳህን ላይ የተቀመጠ ያህል ይሆናል። ከሳን ሆዜ በስተደቡብ በምትገኘው ሆሊስተር ከተማ ኮርቢን የተባለው ስመ ጥር የመቀመጫ ፋብሪካ መኖሩ ለአካባቢው ነጂዎች ዕድል ነው፤ ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ የሰፈር መቀመጫ ሰፊም ቢሆን ይህን ይሠራዋል።

የማይታየው ችግር፦ ሞላው

እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1678 ባሳተመው ሥራ፣ ሞላ የሚለጠጠው ወይም የሚጨመቀው በተጫነበት ኃይል ልክ መሆኑን አሳይቷል። ኃይሉ በእጥፍ ሲጨምር ጭምቀቱም በእጥፍ ይጨምራል። የሞተር ሳይክል ሞላም የሚገዛው በዚሁ ሕግ ነው። ነጂው ሲቀመጥበት ሞተሩ ጥቂት ይሰምጣል፤ ይህን ስምጠት እንበለው። ስምጠት ጉድለት አይደለም፤ አስፈላጊ ነው። ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ ወደ ታች ተዘርግቶ መሬቱን መከተል የሚችለው አስቀድሞ የሰመጠ ከሆነ ብቻ ነው። ለመንገድ ሞተር የሚመከረው ልክ ጎማው ሊንቀሳቀስበት ከሚችለው ርዝመት አንድ አራተኛ እስከ አንድ ሦስተኛ፣ በተለምዶም ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ነው።

አሁን የአሽከርካሪያችንን ሞተር እንመልከት። ከነጂው ክብደት 70 በመቶ ያህሉ በኋላው ጎማ ላይ ያርፋል እንበል፤ የኋላው ሞላ ደግሞ ጎማው ላይ ሲለካ ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር 2 ኪሎ ያህል ይጠይቃል። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው ተቀምጦበት 35 ሚሊ ሜትር የሚሰምጠው ሞተር፣ 50 ኪሎ የምትመዝነዋ ስትቀመጥበት የሚሰምጠው 25 ብቻ ይሆናል። ውጤቱ ሁለት ነው። መቀመጫው ለእርሷ በ1 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቀራል፤ ቁመት የሚያንሳት እርሷ ሆና ሳለ ሞተሩ ጭራሽ ይረዝምባታል። ጎማውም ጉድጓድ ሲያገኝ የሚዘረጋበት ቦታ ስለሚያጥረው ከአስፋልቱ እየተነጠለ ይነጥራል።

በ880 ላይ ይህ ተራ የምቾት ጥያቄ አይደለም። በኦክላንድ ውስጥ ከእርሱ ጋር ጎን ለጎን በሚሄደው 580 ቁጥር ጎዳና ላይ ከባድ የጭነት መኪኖች እንዳያልፉ ተከልክለዋል፤ ስለዚህ ወደ ወደቡ ከሚገባውና ከሚወጣው ኮንቴይነር ብዙው በ880 ላይ ይፈስሳል። የተጋጠመውና የተጠጋገነው አስፋልት ምን እንደሚመስል የሚያልፍበት ሁሉ ያውቀዋል። በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ በመታጠፍ ወይም ፍሬን በመያዝ ላይ ሳለች ጎማዋ የሚነጥርባት ነጂ፣ የነጠረው ጎማ መሬት እስኪመለስ ድረስ ፍሬንም መሪም የላትም።

ስምጠቱን ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ሜትርና ሁለት ረዳት ሰዎች ይበቃሉ። መጀመሪያ የኋላው ጎማ ከመሬት ተነሥቶ ሞላው ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ፣ ከጎማው መሐል እስከ ጅራቱ ላይ እስከተመረጠ አንድ ነጥብ ያለው ርቀት ይለካል። ቀጥሎ ሞተሩ በራሱ ክብደት ብቻ ሲቆም ይለካል። በመጨረሻ ነጂዋ የራስ ቁሯን፣ ጃኬቷንና ቦርሳዋን ሳይቀር ለብሳና ይዛ እግሯን በማሳረፊያው ላይ አድርጋ ስትቀመጥ ይለካል፤ አንዱ ረዳት ሞተሩን ከፊት ይዞ ይቆማል። በመጀመሪያውና በመጨረሻው ልክ መካከል ያለው ልዩነት የነጂዋ ስምጠት ነው። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ያለው ደግሞ የባዶው ሞተር ስምጠት ነው። ይህ ሁለተኛ ቁጥር ብዙ ሰው የሚዘለው፣ ነገር ግን ምስጢሩን የሚያወጣው ቁጥር ነው።

በሞላው ራስ ላይ ያለው ማስተካከያ ቀለበት ሲላላ የሞላው ቅድመ ጫና ይቀንሳል፤ ሞተሩም ዝቅ ይላል። የአሽከርካሪያችን ስምጠት በዚህ መንገድ ከ25 ወደ 35 ሊደርስ ይችላል፤ መቀመጫዋም በነጻ 1 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይልላታል። ሆኖም ቀለበቱ የሞላውን ጥንካሬ አይለውጥም። ይህን የሚያውቅ ሜካኒክም ሆነ ነጂ ጥቂት ነው፤ ቀለበቱን ማላላት ሞላውን ማለስለስ ይመስላቸዋል። ቀለበቱ የሚለውጠው ሞተሩ የሚቆምበትን ከፍታ ብቻ ነው። ለዚህም ነው የባዶው ሞተር ስምጠት የሚታየው፤ በምሳሌያችን ቀለበቱ ከመላላቱ በፊት 8 ሚሊ ሜትር የነበረው ከላላ በኋላ 18 ይሆናል። የነጂዋ ስምጠት ልክ ሆኖ ሳለ የባዶው ከ15 ካለፈ፣ ሞላው ለክብደቷ እጅግ ጠንካራ ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነው፤ ለክብደቷ የሚስማማ ለስላሳ ሞላ መቀየር። የፊት አሞርዛተሮችም እንዲሁ ይለካሉ።

ሞላው ሲለሰልስ ንዝረቱን የሚያበርደው የአሞርዛተር ዘይት አሠራርም መከተል አለበት። ለከባድ ሰው ተብሎ የጠበቀ አሞርዛተር የተጨመቀውን ለስላሳ ሞላ ቶሎ እንዲመለስ አይፈቅድለትም፤ ተከታታይ ጉብታዎች ሲመጡ ሞተሩ እየሰመጠ እየሰመጠ ይሄዳል። ማስተካከያ ብሎን ያለው ከሆነ በአንድ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ጠቅታ ብቻ ማላላት፣ ቁጥሩንም በወረቀት መጻፍ ይገባል።

አገር ቤት ለሚገኙ አንባቢዎቻችን እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። የገጠር ቀበሌዎችን የሚያዳርሱ ሠራተኞች የሚነዷቸው እንደ ያማሃ ዲቲ ያሉ ከፍ ያሉ ሞተሮች መቀመጫቸው ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ ነው። ሞተሩ ዝቅ እንዲል ሲባል የሞላውን አንድ ዙር መቁረጥ በየትኛውም አገር የሚታይ አቋራጭ ነው። የተቆረጠ ሞላ ያጥራል እንጂ አይለሰልስም፤ ዙሩ ሲያንስ ይበልጥ ይጠነክራል። ለቀላል ሰው ይህ ችግሩን ማባባስ ነው።

አካሉን ዝቅ ማድረግ

ይህ ሁሉ ተደርጎም እግር ካልደረሰ፣ የኋላውን አሞርዛተር ከሞተሩ አካል ጋር የሚያያይዙትን አገናኝ ብረቶች በሌላ ርዝመት መቀየርና የፊት አሞርዛተሮችን በመያዣቸው ውስጥ ወደ ላይ ማሳለፍ ይቻላል። በሽያጭ ላይ የሚገኙት ብረቶች ርካሽ ናቸው፤ ችኮላም የሚጋብዙ ናቸው። የኋላው ብቻ 25 ሚሊ ሜትር ዝቅ ቢልና በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 1.4 ሜትር ቢሆን፣ ሞተሩ በሙሉ 1 ዲግሪ ወደ ኋላ ይጋደማል። የፊት ጎማው መሬት የሚነካበት ነጥብ የመሪው ዘንግ ከሚያመለክትበት ነጥብ በ6 ሚሊ ሜትር ያህል ተጨማሪ ወደ ኋላ ይርቃል፤ መሪው ይከብዳል፣ ለመታጠፍም ይዘገያል። ፊቱ ብቻ ዝቅ ቢል ተቃራኒው ይሆናል፤ መሪው ይቀልላል፣ በፍጥነትም ይቅበዘበዛል። ስለዚህ ፊትና ኋላ እኩል መውረድ አለባቸው። የፊቱ ሲወርድ ደግሞ ጎማው በሙሉ ጭምቀት ላይ ከራዲያተሩ ወይም ከጭቃ መከላከያው ጋር እንዳይጋጭ መፈተሽ የግድ ነው።

ዝቅ ያለ ሞተር በመታጠፊያ ላይ ቀድሞ መሬት ይነካል። ከሳን ሆዜ በስተምሥራቅ ወደ ሃሚልተን ተራራ የሚወጣው መንገድ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለሊክ የኮከብ መመልከቻ ሲባል በፈረስ ለሚጎተቱ ጋሪዎች የተሠራ ነው። ፈረሶቹ እንዳይደክሙ ዳገቱ ረገብ ተደርጎ ስለተዘረጋ መታጠፊያው ተቆጥሮ አያልቅም። በማግስቱ ሞተሯን በ5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጋ ወደዚያ የምትወጣ ነጂ የእግር ማሳረፊያውና ማርሚታው አስፋልቱን ሲፍቁ ልትሰማ ትችላለች። ከ25 ሚሊ ሜትር በላይ ባይኬድ እመርጣለሁ።

የሚረሳው ነገር ደግሞ የጎን ማቆሚያው ነው። አካሉ ሲወርድ ማቆሚያው በአንጻሩ ይረዝማል፤ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ይቆምና ነፋስ ወይም በአጠገቡ ያለፈ ሰው ልብስ ሊጥለው ይችላል። ብየዳ የሚያውቅ ሰው በልኩ ማሳጠር አለበት።

እጅስ?

ስለ ቁመት ሲወራ እጅ ይዘነጋል። ትንሽ መዳፍ ያላት ሴት የፍሬኑን መያዣ የምትደርሰው በጣቷ ጫፍ ከሆነ፣ በድንገት ስትይዝ ኃይሏ ግማሽ ነው። በብዙ ሞተሮች ላይ መያዣውን ወደ መሪው የሚያቀርብ ቁጥር የተጻፈበት ትንሽ ቀለበት አለ፤ ፋብሪካው ካላኖረበት ተስተካካይ መያዣ ይገዛል። የፍሪሲዮኑ መያዣ ሲቀርብ ግን ገመዱ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ላላ ብሎ መቅረቱንና ሙሉ በሙሉ ሲያዝ ማርሹን በትክክል መልቀቁን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። መሪውን ወደ ነጂዋ የሚያቀርብ ማያያዣም አለ፤ እርሱ ከተገጠመ በኋላ መሪውን እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ አዙሮ ገመዶቹና የፍሬን ቱቦው አለመወጠራቸውን ማየት ይገባል።

ገና ላልገዛ ሰው ደግሞ ምርጫው ቀላል ነው። የሆንዳ ሬብል 300 መቀመጫ 69 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ የካዋሳኪ ቩልካን ኤስ 70.5 ሆኖ የእግር ማሳረፊያው፣ መሪውና መቀመጫው በነጂው ልክ እንዲለዋወጡ ተደርጎ የተሠራ ነው። ሱዙኪ ዲአር 650 ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ በ4 ሴንቲ ሜትር ዝቅ የሚደረግበት ሁለተኛ ማሰሪያ ቀዳዳ አለው። ሃርሊ ዴቪድሰን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ፓን አሜሪካ ላይ ደግሞ፣ ሞተሩ ሊቆም ሲል ራሱ ዝቅ የሚልበትን፣ ሲነሣ የሚመለስበትን ዘዴ በአማራጭነት አቅርቧል። የኦክላንድ የሞተር ሳይክል ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1907፣ ዐፄ ምኒልክ አውቶሞቢልን ባዩበት ዘመን፣ ሲመሠረት እንዲህ ያለው ነገር ተረት ነበር። ለአሽከርካሪያችን ግን ዋጋው አሁንም ተረት ነው።

ማስተካከያው ካለቀ በኋላ የመጀመሪያው ጉዞ 880 ባይሆን ይሻላል። እሑድ ጠዋት በባዶ የመኪና ማቆሚያ ሜዳ ላይ ቀስ ብሎ መታጠፍ፣ መቆም፣ በሁለቱም እግር ተራ በተራ ማሳረፍ ይለመዳል። ከፊት አሞርዛተሩ በሚያብረቀርቀው ቧንቧ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ከታች አስጠግቶ ማሰር ደግሞ ብዙ ይናገራል። ሞላው ሲጨመቅ ማሰሪያውን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ሲመለስ ማሰሪያው ደርሶበት ይቀራል። ከአንድ ሳምንት የሥራ ምልልስ በኋላ ማሰሪያው ከመጨረሻው ጫፍ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲቀረው ከተገኘ ሞላው ለነጂዋ ተስማምቷል፤ መንገዱ ግማሽ ላይ ከቆመ ገና ጠንካራ ነው፤ ጫፉን ከነካ ከልክ በላይ ለስልሷል። የተነኩት ብሎኖች ሁሉ በዚሁ ቀን በመፍቻ እንደገና ይፈተሻሉ።